የመሪ ሰርቮ አመራረጥ፡- በካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ምን ይነግረናል?

አንዲት በሬዲዮ የምትመራ፣ በተለምዶ «የሪሞት መኪና» የምንላት ዓይነት አነስተኛ የጭነት መኪና እናስብ። ጎማዎቿ አየር ላይ እንዲሆኑ ከሥሯ መጽሐፍ አስደግፈን ጠረጴዛ ላይ ስናቆማት፣ የፊት ጎማዎቿ በታዘዙ ቁጥር ወደ ግራና ወደ ቀኝ ያለ ችግር ይታጠፋሉ። ይህችኑ መኪና አውርደን ሲሚንቶ ወለል ላይ ስናቆማት ግን ጎማዎቹ ጥቂት ይንቀጠቀጡና ባሉበት ይቀራሉ፤ የሚሰማው የሞተሩ ድምፅ ብቻ ነው።

ይህን ሁኔታ ከተማሪዎቻችን ጋር በሠራነው አንድ የተግባር ሥራ ላይ አጋጥሞን ያውቃል። የተማሪዎቹ የመጀመሪያ ፍርድ «ሰርቮው ደካማ ነው» የሚል ነበር፤ ትክክልም ነበሩ። ስለዚህ በካርቶኑ ላይ ሦስት እጥፍ የሚጠጋ ቁጥር የተጻፈበት ሌላ ሰርቮ ተገዝቶ ተገጠመ። ውጤቱ ከቀድሞው የባሰ ሆነ። መኪናዋ መሪዋን ለማዞር በሞከረች ቁጥር ሙሉ በሙሉ ትጠፋና ከአንድ ሁለት ሴኮንድ በኋላ እንደገና ትነሣ ጀመር። ሁለተኛው ፍርድ «ሰርቮው ብልሹ ነው» የሚል ሆነ። እኛም በዚህ ተስማምተን ሦስተኛ እንዲገዛ ፈቀድን። ሦስተኛውም እንደ ሁለተኛው ሆነ፤ ለባትሪ የተያዘው ገንዘብም በዚሁ አለቀ። ስሕተቱ ሰርቮው ላይ ሳይሆን እኛ ሳንጠይቀው ያለፍነው ጥያቄ ላይ ነበር።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያን ጥያቄ ግልጽ ማድረግ ነው። በካርቶኑ ላይ የሚጻፈው ቁጥር እውነት የሚሆነው በአንድ ቮልቴጅና በአንድ ሁኔታ ላይ ብቻ ነው። ቁጥሩን ከጎማው፣ ከክንዱና ከባትሪው ጋር አያይዞ ማንበብ የሚችል ሰው ግን ገንዘቡን ሳያወጣ አስቀድሞ በወረቀት ላይ መምረጥ ይችላል። ለዚህም የሚያስፈልገው የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ብቻ ነው።

ሰርቮ ምንድን ነው?

«ሰርቮ» የሚለው ቃል ሥሩ ላቲን ሲሆን ትርጉሙ «አገልጋይ» ማለት ነው። አስገራሚው ነገር የመጀመሪያዎቹ ሰርቮዎች የተሠሩት ለመሪ መሆኑ ነው። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መርከቦች እየገዘፉ ሲሄዱ፣ መሪያቸውን በሰው ክንድ ማዞር እጅግ አዳጋች ሆነ። ጆን ማክፋርሌን ግሬይ እ.ኤ.አ. በ1866 በእንፋሎት የሚሠራ የመርከብ መሪ ማዞሪያ የባለቤትነት መብት አስመዘገበ፤ መሣሪያውም «ግሬት ኢስተርን» በተባለችው ግዙፍ መርከብ ላይ ተተከለ። ፈረንሳዊው መሐንዲስ ዦሴፍ ፋርኮ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ ይህን መሰሉን መሣሪያ «አገልጋይ ሞተር» የሚል ትርጉም ባለው ስም ጠራው። ዛሬ በእጃችን መዳፍ ውስጥ የሚገባው ሰርቮ የእነዚያ መሣሪያዎች ዘር ነው።

በሰርቮ ውስጥ አራት ነገሮች ይገኛሉ። እነርሱም አነስተኛ የዲሲ ሞተር፣ የሞተሩን ፈጣን ግን ደካማ ዙር ወደ ዝግተኛና ብርቱ ዙር የሚለውጡ ጥርሶች፣ የክንዱን አቅጣጫ የሚለካ ፖቴንሺዮሜትር እና የቁጥጥር ሰርኪዩት ናቸው። የሬዲዮው ተቀባይ በየ20 ሚሊሴኮንዱ አንድ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ይልካል። የምቱ ርዝመት 1.5 ሚሊሴኮንድ ከሆነ «መሐል ቁም» ማለት ነው፤ ወደ 1 ሚሊሴኮንድ ሲያጥር ወደ አንድ ጎን፣ ወደ 2 ሚሊሴኮንድ ሲረዝም ወደ ሌላው ጎን እንዲዞር ያዝዛል። ሰርኪዩቱ የታዘዘውን አቅጣጫ ፖቴንሺዮሜትሩ ከነገረው አቅጣጫ ጋር ያነጻጽራል። ልዩነት ካለ ሞተሩን ያሽከረክራል፤ ልዩነቱ ሲጠፋ ያቆመዋል።

ከዚህ አንድ ትልቅ ቁም ነገር እናገኛለን። ሰርቮ ተስፋ መቁረጥ አያውቅም። ጎማው በሁለት ድንጋዮች መካከል ቢቀረቀርም ልዩነቱ እስካልጠፋ ድረስ ሞተሩ መግፋቱን፣ ከባትሪው ከረንት መሳቡንም አያቆምም። ወደዚህ ነጥብ ኋላ እንመለሳለን።

ጎማውን ለማዞር ምን ያህል ቶርክ ያስፈልጋል?

ቶርክ ማለት አንድ ኃይል አንድን አካል በአንድ ዘንግ ዙሪያ ለማዞር ያለው ብቃት ነው። መጠኑም የኃይሉና ከዘንጉ እስከ ኃይሉ መስመር ያለው ቀጤ ነክ ርቀት ብዜት ነው። ረጅም የብሎን መፍቻ ከአጭሩ የሚሻለው በዚህ ምክንያት ነው። የሰርቮ አምራቾች ቶርክን የሚገልጹት በኪሎግራም-ሴንቲሜትር (ኪ.ግ-ሴ.ሜ) ነው። አንድ ኪ.ግ-ሴ.ሜ ማለት ከዘንጉ 1 ሴ.ሜ ርቆ የተንጠለጠለ የ1 ኪሎግራም ዕቃ ክብደት የሚፈጥረው ቶርክ ሲሆን 0.098 ኒውተን-ሜትር ነው።

ለምሳሌ ያህል የእውነተኛው መኪና አንድ አሥረኛ የሆነች፣ ድንጋያማ ቦታ ላይ በዝግታ የምትሄድ የ3 ኪሎግራም መኪና እንውሰድ። ከክብደቷ 60 በመቶው፣ ማለትም 1.8 ኪሎግራሙ፣ በፊት ጎማዎች ላይ ያርፍ። በጎማና በደረቅ ሲሚንቶ መካከል ያለውን የሰበቃ (የፍትጊያ) ኮኤፊሸንት 1 እንበለው። እንግዲህ መሬቱ ጎማዎቹ እንዳይንሸራተቱ የሚይዝበት ትልቁ ኃይል የ1.8 ኪሎግራም ክብደት ያህል ነው።

ይህ ኃይል ከመታጠፊያው ዘንግ በምን ያህል ርቀት ላይ ይሠራል? ጎማው መሬት የሚነካበት ገጽ ራዲየሱ 1.5 ሴ.ሜ የሆነ ክብ ነው እንበል። የመታጠፊያው ዘንግ በትክክል በዚህ ክብ መሐል የሚያልፍ ከሆነ፣ የክቡ ነጥቦች ከመሐሉ ያላቸው አማካይ ርቀት የራዲየሱ ሁለት ሦስተኛ፣ ማለትም 1 ሴ.ሜ ይሆናል። የሚያስፈልገውም ቶርክ 1.8 × 1 = 1.8 ኪ.ግ-ሴ.ሜ ነው። ይህ ትንሽ ቁጥር ነው።

ነገር ግን በእንደነዚህ ባሉ መኪናዎች ላይ የመታጠፊያው ዘንግ ከጎማው መሐል ወደ ውስጥ ገባ ያለ ነው፤ ርቀቱን 2.5 ሴ.ሜ እናድርገው። በዚህ ጊዜ ጎማው ሲታጠፍ ባለበት ዙሪያውን አይዞርም፤ ቅስት እየሠራ ወደ ፊት ወይም ወደ ኋላ መሄድ ይኖርበታል። አንደኛው ጎማ ወደ ፊት ሲሄድ ሌላው ወደ ኋላ ይሄዳል። ሁለቱ ጎማዎች እንደ ልባቸው መሽከርከር ቢችሉ ይህ ባልከበደ ነበር። ድንጋይ ለመውጣት በተሠሩ መኪናዎች ላይ ግን ሁለቱ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ ዲፈረንሺያሉ ተቆልፎ ይሠራል። ስለዚህ አንዱ ወደ ፊት ሌላው ወደ ኋላ ሊሽከረከር አይችልም፤ ሁለቱም መሬቱን እየፋቁ መንሸራተት አለባቸው። በዚህ ሁኔታ አማካዩ ርቀት 2.6 ሴ.ሜ ገደማ ይሆናል፤ ቶርኩም 1.8 × 2.6 = 4.7 ኪ.ግ-ሴ.ሜ ይደርሳል።

መኪናዋ ቁልቁለት ስትወርድ ክብደቷ ወደ ፊት ያደላል። በፊት ጎማዎች ላይ ያለው ጫና 2.4 ኪሎግራም ቢደርስ የሚያስፈልገው ቶርክ 2.4 × 2.6 = 6.2 ኪ.ግ-ሴ.ሜ ይሆናል። ለዲዛይናችን ይህን ከባዱን ቁጥር እንይዛለን።

መሪያቸው ያለ ሃይድሮሊክ እገዛ በክንድ ብቻ የሚዞር የቀድሞ የጭነት መኪናዎች ሾፌሮች ይህን ያውቁታል። ጎማው ቆሞ ሳለ መሪ ከመጠምዘዝ ይልቅ መኪናውን ፈቀቅ ያደርጉና እየሄደ ያዞሩታል። የሚሽከረከር ጎማ አቅጣጫውን የሚለውጠው ባለበት እየተፋቀ ሳይሆን በየቅጽበቱ አዲስ መሬት እየረገጠ ስለሆነ የሚጠይቀው ቶርክ እጅግ ያነሰ ነው። ትንሿንም መኪና እንዲሁ ማድረግ ሰርቮውን ያሳርፋል።

የክንዱ ርዝመት

ሰርቮው ጎማውን በቀጥታ አይነካም። የሰርቮው ክንድ አንድ ዘንግ ይገፋል፤ ዘንጉ ደግሞ በጎማው መታጠፊያ ላይ ያለውን ክንድ ይገፋል። በዘንጉ በኩል የሚተላለፈው ኃይል በሁለቱም ጫፍ አንድ ነው። ስለዚህ ክንዶቹ መሐል ላይ ሲሆኑ ሰርቮው የሚሸከመው ቶርክ በጎማው በኩል ያለው ቶርክ በሁለቱ ክንዶች ርዝመት ንጽጽር ተባዝቶ የሚገኘው ነው።

የሰርቮው ክንድ 1.7 ሴ.ሜ፣ የጎማው ክንድ 2.0 ሴ.ሜ ቢሆን ንጽጽሩ 0.85 ነው። በሲሚንቶ ወለል ላይ ሰርቮው 4.7 × 0.85 = 4.0 ኪ.ግ-ሴ.ሜ፣ በቁልቁለቱ ላይ ደግሞ 6.2 × 0.85 = 5.3 ኪ.ግ-ሴ.ሜ ይሸከማል።

«ታዲያ የሰርቮውን ክንድ ለምን አናሳጥረውም?» ብሎ የሚጠይቅ ተማሪ መልካም ጠይቋል። ክንዱን ወደ 1.2 ሴ.ሜ ብናሳጥረው የቁልቁለቱ ሸክም ወደ 3.7 ኪ.ግ-ሴ.ሜ ይወርዳል። ዋጋው ግን በሌላ በኩል ይከፈላል። ጎማው 40 ዲግሪ እንዲታጠፍ የዘንጉ ጫፍ 2.0 × ሳይን 40° = 1.3 ሴ.ሜ ያህል መሄድ አለበት። የ1.7 ሴ.ሜ ክንድ ይህን ወደ 49 ዲግሪ በመዞር ያደርሰዋል። የ1.2 ሴ.ሜ ክንድ ግን በዚያው 49 ዲግሪ የሚሄደው 0.9 ሴ.ሜ ብቻ ስለሆነ፣ ጎማው ከ27 ዲግሪ አይዘልም። መኪናዋ አትታገልም፤ ነገር ግን በጠባብ ቦታ አትዞርም። ማንሻ በኃይል የሚሰጠንን በርቀት ይወስድብናል።

ቁጥሩን ማንበብ

አሁን ወደ ካርቶኑ እንመለስ። ለብዙ ዓመታት እንደ መደበኛ ሲታይ የኖረው የፉታባ ኤስ3003 ሰርቮ ቶርክ በ4.8 ቮልት 3.2 ኪ.ግ-ሴ.ሜ፣ በ6 ቮልት 4.1 ኪ.ግ-ሴ.ሜ ነው ተብሎ ይጻፋል። በተማሪዎች ሥራ ላይ በብዛት የሚታየው ኤምጂ996አር ደግሞ በ4.8 ቮልት 9.4፣ በ6 ቮልት 11 ኪ.ግ-ሴ.ሜ እንደሚሰጥ ይገለጻል። አንድ ሰርቮ ሁለት ቁጥር ያለው ቶርኩ ከቮልቴጁ ጋር ስለሚያድግና ስለሚቀንስ ነው። ቮልቴጁ ያልተጻፈለት ቶርክ ትርጉሙ ጎደሎ ነው።

ሁለተኛው ቁም ነገር ይህ ቁጥር የማቆሚያ ቶርክ መሆኑ ነው። ይኸውም ሰርቮው ያለ የሌለ አቅሙን አውጥቶ ከዚያ በላይ መንቀሳቀስ የማይችልበት ነጥብ ነው። የዲሲ ሞተር ቶርክና ፍጥነት በቀጥታ መስመር የተሳሰሩ ናቸው። ሸክም በሌለበት ፍጥነቱ ከፍተኛ፣ ቶርኩ ዜሮ ይሆናል፤ በማቆሚያው ነጥብ ደግሞ ቶርኩ ከፍተኛ፣ ፍጥነቱ ዜሮ ይሆናል። በየሴኮንዱ የሚሠራው ሥራ የቶርክና የፍጥነት ብዜት ስለሆነ፣ ትልቅ የሚሆነው በመስመሩ እኩሌታ ላይ ነው። ከዚህ በመነሣት ቀላል ደንብ እናገኛለን፤ የሰርቮው የማቆሚያ ቶርክ ከሚያስፈልገን ቶርክ ቢያንስ እጥፍ ይሁን።

በዚህ ደንብ መሠረት ለመኪናችን 2 × 5.3 = 10.6፣ በድፍኑ 11 ኪ.ግ-ሴ.ሜ ያስፈልገናል። 4.1 ኪ.ግ-ሴ.ሜ የተጻፈበት ሰርቮ ግን በሲሚንቶ ወለል ላይ 4.0 ሲጠየቅ እማቆሚያው ነጥብ ላይ ደርሷል። ጎማው እየተንቀጠቀጠ ባለበት የሚቀረው ለዚህ ነው። ሰርቮው አልተበላሸም፤ የተባለውን በትክክል እያደረገ ነው።

ፍጥነት በካርቶኑ ላይ የሚገለጸው 60 ዲግሪ ለመዞር በሚወስደው ጊዜ ነው። ለኤምጂ996አር በ6 ቮልት 0.14 ሴኮንድ ነው፤ ይህም ያለ ሸክም ነው። ከዳር እስከ ዳር ያለውን 98 ዲግሪ ያለ ሸክም በ0.23 ሴኮንድ፣ የማቆሚያ ቶርኩን እኩሌታ ተሸክሞ ደግሞ በ0.46 ሴኮንድ ገደማ ያዳርሰዋል። በሴኮንድ 1 ሜትር ለምትሄድ መኪና ይህ ከግማሽ ሜትር ያነሰ መንገድ ስለሆነ ግድ የለም። በሴኮንድ 15 ሜትር ለምትበር የእሽቅድምድም መኪና ግን ወደ 7 ሜትር ነው። ስለዚህ ዝግተኛዋ መኪና በቶርክ፣ ፈጣኗ በፍጥነት ትመረጥ።

የተረሳው ጥያቄ፡- ከረንቱ ከየት ይመጣል?

የተማሪዎቻችን ሁለተኛ ሰርቮ በስሌቱ በቂ ነበር። ታዲያ መኪናዋን ለምን አጠፋት?

ኤምጂ996አርን የመሰለ ሰርቮ በ6 ቮልት ሲቆም እስከ 2.5 አምፔር ይስባል። በኦም ሕግ መሠረት የቆመ ሰርቮ 6 ÷ 2.5 = 2.4 ኦም እንዳለው ሬዚስታንስ ነው። የኃይል ምንጩ በተከታታይ የተያያዙ አራት ባትሪ ድንጋዮች ነበሩ፤ እያንዳንዱ 1.5 ቮልት፣ በድምሩ 6 ቮልት። ነገር ግን ባትሪ ድንጋይም የራሱ የውስጥ ሬዚስታንስ አለው። ለአዲስ ባትሪ 0.2 ኦም ብንይዝ አራቱ 0.8 ኦም ይሆናሉ። ስለዚህ ከረንቱ 6 ÷ (2.4 + 0.8) = 1.9 አምፔር ይሆናል፤ ለሰርቮው የሚደርሰውም ቮልቴጅ 4.5 ቮልት ብቻ ነው። ባትሪዎቹ ደክመው የእያንዳንዳቸው የውስጥ ሬዚስታንስ 0.5 ኦም ሲደርስ ደግሞ ከረንቱ 1.4 አምፔር፣ ቮልቴጁ 3.3 ቮልት ይሆናል። በዚህ ጊዜ «11» የተባለው ቶርክ ወደ 6 ኪ.ግ-ሴ.ሜ ይወርዳል።

ከዚህም የከፋው የሬዲዮው ተቀባይ ከዚያው ምንጭ የሚመገብ መሆኑ ነው። ተቀባዩ፣ እንደ ዓይነቱ፣ ቮልቴጁ ከ4 ቮልት ገደማ በታች ሲወርድበት ሥራውን ሊያቋርጥ ይችላል። ተቀባዩ ሲጠፋ ለሰርቮው የሚላከው ምት ይቋረጣል፤ ሰርቮው ከረንት መሳቡን ያቆማል፤ ቮልቴጁ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ተቀባዩም ይነሣል። መሪው እንደገና ሲታዘዝ ታሪኩ ይደገማል። አገልጋዩ የጌታውን ቀለብ በላ ማለት ነው። ትልቅ ሰርቮ በመግዛት ነገሩ የባሰውም ለዚህ ነው፤ ብርቱ ሰርቮ የሚሻው ከረንት ይበልጣልና።

መፍትሔው ሰርቮውን መለወጥ ሳይሆን ምንጩን ማስተካከል ነው። ለአንድ እንዲህ ያለ ሰርቮ ቮልቴጁን በ6 ቮልት አጽንቶ ቢያንስ 3 አምፔር ያለማቋረጥ ሊሰጥ የሚችል የቮልቴጅ መቆጣጠሪያ ያስፈልጋል። ሰርቮው ከተቀባዩ የተለየ ምንጭ ካለው የሁለቱ ምንጮች ኔጌቲቭ መስመሮች መገናኘት አለባቸው፤ አለበለዚያ ምቱ የሚለካበት የጋራ መነሻ አይኖርም። በሌላ በኩል ባለ ሁለት ሴል ሊቲየም ፖሊመር ባትሪ ሙሉ ሲሆን 8.4 ቮልት ስለሚሰጥ፣ ለ6 ቮልት በተሠራ ሰርቮ ላይ በቀጥታ ማገናኘት ሰርቮውን ያቃጥላል።

ከመግዛት በፊትና በኋላ

ሌሎች ሦስት ነገሮችም መታየት አለባቸው። አንደኛ፣ ድንጋይ ላይ ለምትሄድ መኪና የብረት ጥርስ ያለው ሰርቮ ይመረጣል፤ የናይለን ጥርስ ጎማው ድንጋይ ሲመታ ሊሰበር ይችላል። ሁለተኛ፣ ክንዱ የሚገጠምበት የሰርቮው ዘንግ ጥርሶች ብዛት ከአምራች አምራች ይለያያል፤ 23፣ 24 እና 25 የተለመዱ ናቸው። የ24 ክንድ በ25 ዘንግ ላይ አይገባም፤ በግድ ቢገባም ጥርሱን ይበላዋል። ሦስተኛ፣ ጎማው የመጨረሻ ወሰኑን ከነካ በኋላ ሰርቮው ገና እንዲዞር ከታዘዘ ሳያቋርጥ እንደቆመ ይቀራል። በ6 ቮልት 2.5 አምፔር ማለት 15 ዋት ነው። ሥራ ስላልተሠራበት ሙሉ በሙሉ ሙቀት ይሆናል፤ የሰርቮው ክብደት ደግሞ 55 ግራም ብቻ ነው። ስለዚህ በሬዲዮው ላይ ያለው የዳርቻ ማስተካከያ ሰርቮው ከጎማው ወሰን ጥቂት ቀድሞ እንዲቆም ተደርጎ ይስተካከል።

የተገዛው ሰርቮ የተባለለትን ያህል መሆኑን ለማወቅ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ሰርቮውን ጠረጴዛ ጠርዝ ላይ አጥብቀን እናስር፤ ከዘንጉ 4 ሴ.ሜ ላይ ቀዳዳ ያለው ክንድ እንግጠምለት። በተለምዶ «ሃይላንድ» የምንለውን የ2 ሊትር የፕላስቲክ ውሃ መያዣ ክንዱ አግድም ሳለ በክር እናንጠልጥልና ውሃ እየለካን እንጨምርበት። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎግራም ስለሆነ፣ 1.5 ሊትር ይዞ ክንዱን ከአግድም ማንሣት የቻለ ሰርቮ 6 ኪ.ግ-ሴ.ሜ ሰጥቷል ማለት ነው። በዚያው ቅጽበት በሰርቮው ሽቦዎች ላይ ያለውን ቮልቴጅ በመልቲሜትር እንለካ። ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን የጻፈ ሰው ከካርቶኑ የሚበልጥ መረጃ በእጁ አለ። ሙከራው አጭር ይሁን፤ የቆመ ሰርቮ በፍጥነት ይሞቃልና።

በእኛ ሥራ መልቲሜትሩ የተያዘው ሦስተኛው ሰርቮ ከተገዛ በኋላ ነበር። ሰርቮው ሲዞር ቁጥሩ ሲያሽቆለቁል ባየን ጊዜ የተናገረ ሰው አልነበረም። ተስማሚ መቆጣጠሪያና ባትሪ በውሰት ተገኝቶ ሲገጠም፣ «ብልሹ ነው» ተብሎ መሳቢያ ውስጥ የተቀመጠው ሁለተኛው ሰርቮ ተመልሶ ሥራውን ጀመረ። እኛም ተማሪዎቹን ከመፍረድ በፊት ለኩ እያልን የምናስተምረውን ራሳችን ሳንለካ መፈረማችንን ነገርናቸው።

የመለማመጃ ጥያቄዎች

1. የአንዲት መኪና ክብደት 4.5 ኪሎግራም ነው፤ እኩሌታው በፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል። አማካዩ የሰበቃ ርቀት 2 ሴ.ሜ፣ የሰበቃው ኮኤፊሸንት 0.8፣ የክንዶቹ ንጽጽር 0.9 ቢሆን፣ የሰርቮው የማቆሚያ ቶርክ ቢያንስ ስንት መሆን አለበት?

2. በጽሑፉ ውስጥ ያለው የባትሪ ድንጋይ ስብስብ አጠቃላይ የውስጥ ሬዚስታንሱ 0.1 ኦም በሆነ የ6 ቮልት ባትሪ ቢተካ፣ የቆመው ሰርቮ የሚያገኘው ቮልቴጅ ስንት ይሆናል? ቶርኩስ?

3. የፊት ዲፈረንሺያሉ ያልተቆለፈ መኪና መሪዋ የሚቀለው ለምንድን ነው? በሁለቱ ጎማዎች ላይ የሚሠሩትን ኃይሎች በሥዕል አስደግፈው ያብራሩ።